አቤሜሌክና አሮጌው ጨርቅ

በደብራችን የኃምሳኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ዋዜማ ለካህናትና ለምእመናን የተሰጠ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ደብራችን ከተተከለች ጀምሮ 50 ዓመት ሞልቶ ይህን በዓል በሰላም ለማክበር ያበቃን የአምላካችን ስም የተመሰገነ ይሁን። በዚህ ዋዜማ ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከታላላቆቹ ከነአብርሃም ከነሙሴ ከነዳዊት ስለ አንዱ ለመናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ እነርሱ ከእኔ የሚበልጡ ሊቃውንት በዚሁ ዓውደ ምሕረት ብዙ ጊዜ አስተምረዋችኋል። ስለዚህ በትንቢተ ኤርምያስ ውስጥ ታሪኩ ከ12 ቍጥር የማይበልጠውን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ ወደድሁ። ይኸውም ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው።

አቤሜሌክን የማያውቅ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋራ በሚቈጠረው በተረፈ ባሮክ እንደ ተጻፈው፥ ኢየሩሳሌም በጠፋችበት ጊዜ እርሱ በለስ ሊለቅም ወደ አግሪጳ ተክል ቦታ ወጣ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ሊያርፍ ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። በነቃም ጊዜ በለሱ በመሶቡ ውስጥ እንደ ትኩስነቱ ወተቱን ያንጠባጥብ ነበር። ይህን ታሪክ ልጆች ሳለን ከእናቶቻችን ሰምተነዋል፤ ለልጆቻችንም ነግረናቸዋል። ነገር ግን ወገኖቼ ሆይ፥ አቤሜሌክን በእንቅልፉ አወቅነው እንጂ በንቃቱ አላወቅነውም። ያ ዕረፍት የተሰጠው ከተማው ሁሉ በተኛበት ቀን እርሱ ብቻውን ነቅቶ ስለ ተገኘ ነው። ዛሬ የምናገረውም ስለዚያ ስለ ንቃቱ ነው።

ዘመኑ እንዲህ ነበረ። የይሁዳ የመጨረሻው ንጉሥ ሴዴቅያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት በባቢሎን ንጉሥ በናቡከደነፆር እጅ ነገሠ፤ 11 ዓመትም ገዛ። በኋላ በናቡከደነፆር ላይ ስለ ዐመፀ፥ በነገሠ በ9ኛው ዓመት በ10ኛው ወር የባቢሎን ጭፍራ መጥቶ ኢየሩሳሌምን ከበባት። ነቢዩ ኤርምያስ በዚያ ጊዜ ትንቢት መናገር ከጀመረ 40 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ከተማይቱ ለባቢሎን እንደምትሰጥ፥ እጁን የሰጠ በሕይወት እንደሚኖር፥ በከተማው የቀረ ግን በሰይፍና በራብ በቸነፈርም እንደሚሞት ለሕዝቡ ይናገር ነበር። ይህ ቃል ለሚሰማው ሁሉ መራራ ነበር። እኛም በዚያ ቅጥር ውስጥ ልጆቻችን በግንቡ ላይ ቆመው ሲዋጉ ብንሰማው ኖሮ ደስ አይለንም ነበር።

ስለዚህ አራት መኳንንት፥ ሰፋጥያስና ጎዶልያስ ዮካልና ጳስኮር፥ ወደ ንጉሡ ገብተው ከሰሱት። ክሳቸውም ይህ ሰው የወታደሮቹን እጅ ያደክማልና ይሙት የሚል ነበር። ይህ ነገር የዚያ ዘመን እውነተኛ ቋንቋ እንደ ሆነ ምድር ራሷ መስክራለች። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. በለኪሶ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱም አንዱ፥ ስለ አንዳንድ ሰዎች ቃል ሲናገር፥ እጅን የሚያደክም ነው እያለ ይከስሳል። ለኪሶ ደግሞ በዚያ ጦርነት ሳይያዙ እስከ መጨረሻ ከቆዩት ከተሞች አንዲቱ እንደ ነበረች ኤርምያስ ራሱ በምዕራፍ 34 ጽፏል። እንግዲህ መኳንንቱ ስለ አገር የሚቈረቈሩ ሰዎች መስለው ቀረቡ፤ ምናልባትም ራሳቸውን እንደዚያ ያዩ ነበር። ብዙ ጊዜ ጻድቅ ሰው የሚጣለው ክፉ ነን በሚሉ ሰዎች እጅ አይደለም፤ ለመልካም ነገር እንተጋለን በሚሉ ሰዎች እጅ ነው።

ንጉሡም በዚህ ጊዜ ከንጉሥ የማይጠበቅ ቃል ተናገረ። እነሆ በእጃችሁ ነው፥ እኔ እናንተን ልከለክል አልችልም ብሎ አሳልፎ ሰጣቸው። እነርሱም ኤርምያስን ወስደው በግዞት ቤቱ አደባባይ ወደ ነበረው ወደ መልክያ ጕድጓድ በገመድ አወረዱት። በዚያ አገር ለውኃ ማጠራቀሚያ የሚቈፈረው ጕድጓድ ከዐለት የተፈለፈለ ሆኖ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ ስለ ሆነ፥ የወረደበት ሰው ረዳት ካላገኘ ሊወጣ አይችልም። በዚያ ጕድጓድ ጭቃ ነበረ እንጂ ውኃ አልነበረበትም፤ ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ገባ። ልብ በሉ፤ መኳንንቱ ሰይፍ አልመዘዙም፤ ደሙንም አላፈሰሱም። አውርደው ተዉት፤ ከዚያም ወደ ሥራቸው ሄዱ። መርሳት ከሰይፍ የማያንስ መግደያ ነው፤ እጅንም ደም አያስነካም።

ይህን ነገር አቤሜሌክ ሰማ። አቤሜሌክ ማን ነበር? በዕብራይስጥ ስሙ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው፤ ስለዚህ በኦሪት ዘፍጥረት ካለው ከጌራራ ንጉሥ ከአቢሜሌክ ጋራ ሊደባለቅ አይገባም። እናቱ ያወጣችለት ስም ይሁን በቤተ መንግሥት የተሰጠው መጠሪያ መጽሐፉ አልነገረንም፤ የነገረን አገሩንና ሥራውን ነው። አገሩ ኩሽ ነው። ኩሽ በመጻሕፍት ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ወንዝ ላይ ላለው አገር የተሰጠ ስም ነው፤ የግሪክ ተርጓሚዎችም ኢትዮጵያ አሉት። የይሁዳ ሰዎች ይህን አገር በሩቁ ብቻ አያውቁትም ነበር፤ በንጉሡ በሕዝቅያስ ዘመን የኩሽ ንጉሥ ቲርሐቅ በአሦር ላይ ሊዋጋ እንደ ወጣ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 13፥ ክፋትን የለመደ ሕዝብ ጠባዩን ለመለወጥ እንደማይችል ሲያስተምር፥ የማይለወጠውን የኢትዮጵያዊን መልክ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷል። እነሆ እግዚአብሔር ለነቢዩ የመለሰለትን መልስ ተመልከቱ። ነቢዩ ለምሳሌ የጠራው ኢትዮጵያዊ በመከራው ቀን ገመድ ይዞ በጕድጓዱ አፍ ላይ ቆመ።

ሥራው ደግሞ ጃንደረባ ነበረ። ይህ ስም በጥንቱ ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ለቤተ መንግሥት ሹም ሁሉ ይሰጣል፤ ነገር ግን በተለመደው ትርጓሜ ብንወስደው፥ ልጅ የማይወልድ፥ ስሙን የሚጠራለት ዘር የሌለው ሰው ነበር። በኦሪት ዘዳግም 23 እንዲህ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ሕግ ነበረ። መጻተኛ ነው፤ አገልጋይ ነው፤ ከጉባኤ የተከለለ ነው። በዚያች ከተማ ዝም ለማለት ከእርሱ የተሻለ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም። የነቢዩ ወገኖች፥ ካህናቱና ሽማግሎቹ ዝም ካሉ፥ አንድ የባዕድ አገር ሰው ምን አግብቶት ይናገራል?

እርሱ ግን ተናገረ። የተናገረበትንም ስፍራ መጽሐፉ በጥንቃቄ ጽፎልናል፤ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበር ይላል። የከተማ በር በዚያ ዘመን የችሎት ስፍራ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያልፍበትና የሚሰማበት አደባባይ ነው። አቤሜሌክ በንጉሡ ቤት የሚኖር ሰው ስለ ሆነ እስከ ማታ ቆይቶ በእልፍኝ ውስጥ በሹክሹክታ ሊለምን ይችል ነበር። ደግሞም ኤርምያስ ወደ ብንያም አገር ሊሄድ ሲወጣ ወደ ጠላት ትኰበልላለህ ተብሎ የተያዘው በዚሁ በብንያም በር ነበር። አቤሜሌክ ነቢዩ በተያዘበት በር ላይ ቆሞ ስለ ነቢዩ ጮኸ። ንጉሡ ሴዴቅያስ ግን ኤርምያስን ሊጠይቀው በፈለገ ጊዜ በስውር ያስጠራው ነበር፤ የተነጋገሩትንም ለማንም እንዳይነግር አደራ ይለው ነበር። ንጉሡ እውነትን በስውር ፈለጋት፤ አገልጋዩ በአደባባይ መሰከራት።

የተናገረውም ቃል አጭር ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ፥ እነዚያ ሰዎች ለነቢዩ ያደረጉት ሁሉ ክፉ ነው፤ በከተማው እንጀራ ስለ ሌለ በዚያው በራብ ይሞታል ብሎ አመለከተ። በግሪኩ በሰብዓ ሊቃናት ትርጕም ግን ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ክፋቱን በመኳንንቱ ላይ ሳይሆን በንጉሡ በራሱ ላይ አድርጎ፥ ይህን ሰው በራብ ልትገድል ያደረግኸው ክፉ ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። ነገር ግን በሁለቱም ንባብ አቤሜሌክ ስለ ኤርምያስ ትንቢት አልተከራከረም። ነቢዩ ስለ ጦርነቱ የተናገረው ልክ ነው ወይስ አይደለም አላለም። ሰው በጭቃ ውስጥ ነው፥ እንጀራም የለውም አለ። ጠብ በገባበት ቤት፥ ወንድማማች በተለያየበት ማኅበር፥ አስቀድሞ መባል የሚገባው ይህ ነው። ክርክሩ ይቆይ፤ ሰውዬው ግን ከጕድጓዱ ይውጣ።

ንጉሡም ቃሉን ሰምቶ 30 ሰዎች ይዘህ ሂድና ነቢዩን ሳይሞት አውጣው ብሎ አዘዘው። አንድን ሽማግሌ ከጕድጓድ ለማውጣት 30 ሰው በዝቷልና ቍጥሩ ሦስት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ነገር ግን መኳንንቱ መጥተው እንዳይከለክሉት ኃይል ያስፈልገው ነበርና፥ በዕብራይስጡም በግሪኩም የተጻፈው 30 ሊያስደንቀን አይገባም። ከዚህም የምንማረው አንድ ነገር አለ። ንጉሡ አስቀድሞ ምንም ልከለክል አልችልም ብሎ ነበር። አንድ ሰው እውነቱን ሲነግረው ግን 30 ሰው የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው ታወቀ። ስንት ሹም፥ ስንት የቤተሰብ አባት፥ ስንት የማኅበር መሪ፥ አልችልም የሚለው የሚነግረው ሰው ስላጣ ይሆን?

አሁን ወደ ነገሬ ዋና ፍሬ እደርሳለሁ። አቤሜሌክ ሰዎቹን ይዞ በቀጥታ ወደ ጕድጓዱ አልሄደም። አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ቤት ተመለሰ፤ ከቤተ መዛግብቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ። ያንንም በገመድ ወደ ኤርምያስ አወረደለት፤ ጨርቁን በብብትህ ከገመዱ በታች አድርገው አለው። ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ፤ ጐትተውም አወጡት።

ወገኖቼ ሆይ! በመጽሐፍ ቅዱስ ሙታን ሲነሡ፥ ባሕር ሲከፈል፥ እሳት ከሰማይ ሲወርድ እናነባለን። በዚህ ስፍራ ግን መንፈስ ቅዱስ ስለ ቡትቶ ጨርቅ እንዲጻፍ ፈቀደ። ገመዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤርምያስ መውጣቱ አይቀርም ነበር። ነገር ግን በራብ የከሳ ሥጋውን፥ በጭቃ የራሰ ቈዳውን ገመዱ እየላጠ ያወጣው ነበር። አቤሜሌክ እንዲወጣ ብቻ ሳይሆን ሳይቈስል እንዲወጣ አሰበ። ከላይ ቆሞ ሳለ ከታች ያለውን ሰው ብብት አሰበ። ገመዱ ኃይልን ይጠይቃል፤ ጨርቁ ግን ፍቅርን ይጠይቃል። ጨርቁን ያገኘውም አገልጋይ ስለ ነበረ ነው። ንጉሡ በቤተ መዛግብቱ ውስጥ ወርቅ እንዳለ ያውቃል፤ ከበታቹ ያለውን አሮጌ ልብስ የሚያውቅ ቤቱን የሚያገለግል ሰው ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ያ ሁሉ ወርቅ ለነቢዩ አንዳች አልጠቀመውም።

ይህን ስናገር በራሴ ላይ እመሰክራለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ባገለገልሁበት በአንድ አጥቢያ አንድ አረጋዊ የዜማ መምህር ነበሩ። ብዙ መዘምራን ከእርሳቸው እጅ ተምረው ወጥተዋል። በእርጅናቸው ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ጕልበታቸው ደከመ፤ ተማሪም አነሰ። ልንረዳቸው ተሰብስበን መከርን፤ ገንዘብ አዋጣን፤ አንድ ጥሩ ጋቢም ገዛን። በንግሥ በዓል ቀን ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት በዓውደ ምሕረት ጠራናቸውና ሰጠናቸው። ያዋጡትን ሰዎች ስም፥ ከነገንዘቡ ልክ፥ አንድ በአንድ ያነበብሁት እኔ ነበርሁ። ሕዝቡ እልል አለ። የኔታም በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው፥ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ተቀበሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከማኅሌቱ ቦታቸው ጠፉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣታቸውን አልተዉም፤ ነገር ግን በደጀ ሰላሙ በኩል ቆመው ጸሎት አድርሰው ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን፥ የኔታ፥ ምነው ራቁን? ብዬ ብጠይቃቸው፥ ልጄ፥ ጋቢውስ ይሞቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያየው ጋቢውን ነው እንጂ እኔን አይደለም አሉኝ። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ። ገመዱን ጥለንላቸው ነበር፤ ጨርቁን ግን አላወረድንላቸውም። በብብታቸው ያለውን ቍስል ያደረግነው እኛ ነን፤ ያም ሳይሽር ዐረፉ።

በቀብራቸው ቀን አንድ ሌላ ነገር ሰማሁ። በሰፈሩ እንጀራ እየጋገረች የምትኖር አንዲት ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ትንሽ ልጇን ማታ ማታ ፊደል ይቍጠርልኝ እያለች ወደ እርሳቸው ትሰደው ነበር፤ በልጁም እጅ እንጀራና ወጥ በእንቅብ ከድና ትልክ ነበር። የልጄ የትምህርት ዋጋ ነውና ይቀበሉኝ፤ ባይቀበሉኝ ልጄን መስደዴ ያሳፍረኛል ትላቸው ነበር። ልጁ በቀብሩ ላይ እያለቀሰ ሲናገር፥ እኔ ፊደል ጨርሼ ዳዊት መድገም ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ እናቴ ግን ሂድና ደግመህ ቍጠር ትለኝ ነበር አለ። የኔታም ልጁ ማንበብ እንደሚችል ሳያውቁ አይቀሩም። ነገር ግን እርስዋም አልተናገረችም፤ እርሳቸውም አልተናገሩም። እኛ በአዋጅ ያቈሰልናቸውን መምህር እርስዋ በዝምታ አስታመመቻቸው። እነሆ፥ የአቤሜሌክ ጨርቅ ይህ ነው።

ወደ ታሪኩ ፍጻሜ እንመለስ። አቤሜሌክ ኢየሩሳሌምን አላዳናትም። ኤርምያስንም ፈጽሞ ነጻ አላወጣውም፤ ነቢዩ ከጕድጓድ ከወጣ በኋላ ከተማይቱ እስከ ተያዘችበት ቀን ድረስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ኖረ። በሴዴቅያስ በ11ኛው ዓመት በ4ኛው ወር በ9ኛው ቀን ቅጥሩ ተሰበረ። ያም ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ነው። እንግዲህ በዓለም ሚዛን ብንመዝነው የአቤሜሌክ ሥራ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ነቢዩ ገና ታስሮ ሳለ የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ መጣ፤ ሂድና ለኢትዮጵያዊው ለአቤሜሌክ ንገረው ተባለ። መልእክቱም በከተማይቱ ላይ የተነገረው ጥፋት እንደሚመጣ፥ እርሱ ግን ከሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደሚድን፥ ነፍሱም እንደ ምርኮ እንደምትሆንለት፥ በእግዚአብሔር ታምኗልና የሚል ነበር። ያወጣውን ሰው መልእክተኛ አድርጎ ላከለት።

ከዚህ ቃል ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፥ ከሚፈራቸው ሰዎች ስላለ፥ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር። በብንያም በር የቆመው ፍርሃት የማያውቅ ጀግና ሆኖ አይደለም፤ እየፈራ ቆመ እንጂ። ስለዚህ ማናችንም እኔ ፈሪ ነኝ ብለን ልናመካኝ አንችልም። ሁለተኛ፥ እግዚአብሔር ስለ ጨርቁ አመስግኖት አልተናገረም፤ ታምነኸኛልና አለው እንጂ። ያንን ጨርቅ የሰበሰበ እጅ በእግዚአብሔር የታመነ እጅ ነበረ ማለት ነው። እምነትና ርኅራኄ በእኛ ዘንድ ሁለት ሆነው ይነገራሉ፤ በአቤሜሌክ ዘንድ ግን አንድ ነበሩ። አባቶቻችን የጠበቁልን ተረፈ ባሮክም ከዚህ ይስማማል፤ ኤርምያስ ከጭቃው ጕድጓድ ስላወጣው ስለ አቤሜሌክ እግዚአብሔርን ለመነ፥ የከተማይቱን ጥፋት አይቶ እንዳያዝን ፈለገ ይላል። ስለ ሌላው ሰው ሕመም የተጠነቀቀ ሰው፥ ለእርሱ ሕመም የሚጠነቀቅ ወዳጅ አገኘ። የ66 ዓመቱ እንቅልፍ ትርጓሜው ይህ ነው።

ዛሬ የምናከብረው ኢዮቤልዩ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። በኦሪት ዘሌዋውያን 25 ኃምሳኛው ዓመት ለምድሩ ሁሉ ነጻነት የሚታወጅበት ዓመት እንዲሆን ታዝዟል። በዚያ በከበባው ጊዜ ንጉሡ ሴዴቅያስ ለባሮች እንዲህ ያለውን ነጻነት አውጆ ነበር፤ በዕብራይስጥም በሌዋውያንና በኤርምያስ 34 የተጻፈው የነጻነት ቃል አንድ ነው። መኳንንቱም ባሮቻቸውን ለቀቁ። የፈርዖን ሠራዊት ከግብፅ ወጥቶ ባቢሎናውያን ለጥቂት ጊዜ ከከተማይቱ በራቁ ጊዜ ግን፥ የለቀቋቸውን መልሰው ባሪያ አደረጉአቸው። ነጻነትን ያወጁ ጌቶች አዋጁን አፈረሱ፤ አገልጋይ ተብሎ የተጠራው ሰው ግን የታሰረውን ወደ ብርሃን አወጣ። እንግዲህ በዚያች ከተማ ኢዮቤልዩን ያከበረ ማን ነበር? አዋጁ ወይስ ጨርቁ?

ስለ ስምም እንነጋገር። በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ በተደረገ ቍፋሮ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. የሰሌምያ ልጅ የዮካል ስም ያለበት፥ ከጥቂት ዓመትም በኋላ የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ስም ያለበት ትናንሽ የጭቃ ማኅተሞች ተገኝተዋል። ሊቃውንቱ ስሞቹ በኤርምያስ 38 ከተጻፉት መኳንንት ስሞች ጋራ አንድ መሆናቸውን አይተው፥ የእነዚያው ሰዎች ማኅተም እንደ ሆነ ይገምታሉ። የመኳንንቱ ስም በጭቃ ላይ ታትሞ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል በአፈር ውስጥ ተቀበረ። የአቤሜሌክ ስም ግን በሸክላ አልተፈለገም፤ በሕያው መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ይነበባል። በትንቢተ ኢሳይያስ 56 ቃል ኪዳኑን ለጠበቀ ጃንደረባ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ተነግሯል። ልጅ ያልነበረውን የአቤሜሌክን ስም እነሆ እኛ በዚህ ምሽት እንጠራዋለን።

ክቡራን አባቶች፥ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ነገ በዓላችን በታላቅ ደስታ ይከበራል። የደከሙ ይመሰገናሉ፤ ይገባቸዋልም። ያለፉትም አባቶቻችን በጸሎት ይታሰባሉ። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ ሁላችንም ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ነገር እንድናስብ እለምናችኋለሁ። በዚህች ደብር አጥቢያ በጕድጓድ ውስጥ ያለ ማን ነው? ወድቆ የተረሳ አገልጋይ፥ ከማኅበር የተጣላ ወንድም፥ የምትበላው አጥታ ጐረቤት እንዳይሰማባት በሯን ዘግታ የተቀመጠች እናት አለችን? ልናወጣቸው ስንሄድ ገመዳችንን ብቻ ይዘን አንሂድ፤ ጨርቁንም እንፈልግ። የምንሰጠውን ስጦታ በስም ዝርዝር አናንብበው። ሊቀበል የሚያፍረውን ሰው በሥራው ዋጋ፥ በምክር ፍለጋ፥ በልጅ ትምህርት አሳብበን እንርዳው። ወርቅ የለንም የምንልም አንዘን፤ ከቤተ መዛግብት በታች ያለው አሮጌ ጨርቅ በሁላችን ቤት አለና።

ይህን ካደረግን፥ ከሚቀጥለው ኃምሳ ዓመት በኋላ በዚህ ስፍራ የሚቆሙ ልጆቻችን የሕንፃውን ቁመት ብቻ አይናገሩም፤ በዚህች ደብር የወደቀ ሰው ሳይቈስል ይነሣ ነበር ብለው ይመሰክሩልናል።

ስለ እኛ ወርዶ ከሞት ጕድጓድ ያወጣን፥ ቍስላችንንም በራሱ ቍስል የፈወሰ ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዓላችንን ይባርክልን፤ ለአቤሜሌክ የሰጠውን የነቃ ልብና የራራ እጅ ለሁላችን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።